የእናቱን ስም ጻፈ

ትናንት ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አራት ሆነን ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ስለ አንድ ልጅ ስንከራከር የተጠበሰው ቀረሶ ቀዘቀዘብን። ልጁ ፊሊፕ ይባላል፤ «ዘ ኤክስፓንስ» የተባለው የጠፈር ተከታታይ ፊልም ውስጥ ያለው ፊሊፕ። ከዘጌ የተመለሱት ጀልባዎች ታስረው፣ ጣና ጨለም ብሎ፣ እኛ ግን ገና ከሳተርን ወዲያ ነበርን።

ተከታታይ ፊልሙን ያየነው ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረባቸው ወራት ነው። መምህርቷ ወዳጃችን 62ቱንም ክፍል በሃርድ ዲስክ ይዛ ስለነበር ከቤት ቤት እያዞርን ጨረስነው። የመጨረሻው ክፍል የተላለፈው ጥር 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ቢሆንም ለእኛ ዛሬም አላለቀም። የነካውን ሁሉ እየለወጠ ስለሚያድገው ባዕድ ነገር፣ ስለ ፕሮቶሞሊኪዩሉ፣ ብዙ ተነጋግረናል፤ የጀልባ ሞተር የሚጠግነው ጓደኛችን እንቦጭን እያሳየ «ይህ ክፋት አለው እንዴ? የሚያውቀው ማደግ ብቻ ነው» ያለውን የሚበልጥ ማብራሪያ እስካሁን አልሰማሁም። ከሞተ በኋላ ለሮሲናንቴ መርከብ ካፒቴን ለሆልደን የሚታየው መርማሪው ሚለር ራሱ ሚለር ነው አይደለም በሚለውም ተኳርፈን ታርቀናል። ትናንት ግን ወሬው ሁሉ ወደ ናኦሚ ልጅ፣ ወደ ፊሊፕ፣ ዞረ።

ናኦሚ ናጋታ የሮሲናንቴ መሐንዲስ ናት፤ በማርስና በጁፒተር መካከል ያለው የአስትሮይድ ቀበቶ ልጅ። በወጣትነቷ የቀበቶውን አማፂ ማርኮ ኢናሮስን አምና ፊሊፕን ወለደችለት። ማርኮ እርሷ በጻፈችው ኮድ ሰው የተሳፈረበት መርከብ አጠፋ፤ ልጁን ይዛ ልትሄድ ስትል ደግሞ ደበቀባት። ባዶ እጇን ወጣች። ፊሊፕ በአባቱ እጅ አደገ፤ ማርኮ ወደ ምድር አስትሮይድ ወርውሮ ሚሊዮኖችን ሲጨርስ ከጎኑ ነበር። እናቱ ልትመልሰው ሄዳ ተያዘች፤ በመጨረሻም ያለ ጠፈር ልብስ ከአንዱ መርከብ ወደ ሌላው ስትዘል ልጁ የሞተች መሰለው።

በመጨረሻው ክፍል ነገሩ ተገለበጠ። የማርኮ መርከብ ወደ ሌሎች ከዋክብት በሚያሻግረው የቀለበት በር ሲያልፍ እንዲዋጥ ያደረገው ዘዴ የናኦሚ የራሷ ስሌት ነው። ልጇ እዚያ ውስጥ እንዳለ እያመነች አደረገችው። ፊሊፕ ግን አስቀድሞ አባቱን ጥሎ ወርዷል። ስሙን ሲጽፍ «ኢናሮስ»ን አጥፍቶ «ናጋታ» አለ። እርሷ ይህን አታውቅም። ይህን ትዕይንት ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ተነስቼ ከክፍሉ መውጣት ነበረብኝ።

ሞተር ጠጋኙ «መደበቁ ነው» አለ። «ኢናሮስ ተብሎ የትም ወደብ መግባት አይችልም። ሌላ ምን ሚስጥር ትፈልግለታለህ?»

እኔ ይህን አልቀበልም። ለመደበቅ የፈለገ ሰው ማንም የማያውቀውን ስም ይመርጣል። የሮሲናንቴን ሰዎች የማያውቅ የለም፤ በአባቱ ተከታዮች ዘንድ ደግሞ ናጋታ የከሃዲ ስም ነው። ያንን ስም መርጦ መያዝ ጭራሽ አደጋ ነው። የጻፈው እንድታገኘው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሌላ መንገድ ስላልነበረው ስሙን ደብዳቤ አደረገው።

መምህርቷ ደግሞ ክርክሩን ወደማልፈልገው ቦታ ወሰደችው። «ወንድሜ፣ በእኛ አገር ሰው የገደለ ሽማግሌ ልኮ፣ ጥፋቱን አምኖ፣ ካሳ ከፍሎ ነው ደም የሚደርቀው። ይህ ልጅ ለማን አመነ? ስም ለወጠና ሄደ። የሞቱትስ?» አለች። የምመልስላት አጣሁ። አሁንም፣ ይህን እየጻፍኩ፣ የለኝም። ልጁን መውደዴ የሞቱትን እንደማያስነሳ ገብቶኛል። ያም ሆኖ እወደዋለሁ።

ለምን እንደሆነ ለእነርሱ አልነገርኳቸውም፤ እዚህ ልጻፈው። በሌላው አገር ተመልካች ዓይን ፊሊፕ የለወጠው የቤተሰብ ስም ነው። ለእኛ ግን ከስም ቀጥሎ የሚመጣው አባት ነው፤ ማን ወለደህ ለሚለው ጥያቄ መልሱ። እኔ የምጠራው በእናቴ አባት ስም ነው። የወለደኝ ሰው በሕይወት አለ፤ መንገድ ላይ ብንገናኝ ሰላምታ እንሰጣጣለን። አንደኛ ክፍል ልመዘገብ የሄድን ዕለት መዝጋቢው «የአባት ስም?» ሲል እናቴ ትንሽ ዝም አለች፤ ከዚያ የአባቷን ስም ተናገረች። ሰውየው ብዕሩን ይዞ ቀና ብሎ አያት፤ እኔንም አየኝ፤ ምንም ሳይል ጻፈ። የእጇ መዳፍ እርጥብ እንደነበር አስታውሳለሁ። ፊሊፕ የጻፋትን ያቺን ቃል ሳይ የሚመጣብኝ ያ እጅ ነው።

ማታ ቤት ስገባ እናቴ ቡና አፍልታ ቆየችኝ። ፊልሙን አይታው አታውቅም፤ መርከቡንም ቀለበቱንም ትቼ የእናትና የልጁን ብቻ ነገርኳት። አቦሉን ቀድታ ጨርሳ እስክትቀመጥ አልተናገረችም።

«ስሙን የጻፈው የት ነው?» አለችኝ።

«መዝገብ ላይ።»

«መዝገብ የሚይዝ ሰው አለ?»

«ይኖራል መሰለኝ፣ እማዬ።»

«እንግዲያው እርሱ ያውቃል» አለች። «የእናት ስም ሲጻፍ ያየ ሰው አይረሳውም። አንድ ቀን ይነግራታል።»

ይህንን ከአራታችን አንዳችንም አላሰብነውም። ለሚመጣው ቅዳሜ ይዤው እሄዳለሁ።