ካዝናው ወጥቷል

በመሣሪያ ርክክብ ላይ «ባዶ ነው» የሚለውን ቃል ከማንም አፍ እንዳልቀበል የተማርሁት ገና በወጣትነቴ ነው። ይሁን እንጂ በ2014 ዓ.ም. በአንድ የጥቅምት ጠዋት ይህንኑ ቃል ከአንድ የተከበሩ ሽማግሌ ተቀብያለሁ፤ ያ ጠዋት ትዝ ባለኝ ቁጥር እስከ ዛሬ ድረስ ያንገበግበኛል።

ሥራዬ ከቃሊቲ አልፎ ወደ ዱከም በሚወስደው መንገድ፣ ገላን ላይ በሚገኝ የመጋዘን ግቢ የጥበቃ ፈረቃ መምራት ነው። ከዚያ በፊት 11 ዓመት በሠራዊቱ የመሣሪያ ግምጃ ቤት አገልግያለሁ። በግቢያችን ደንብ መሠረት ሽጉጥ የያዘ እንግዳ በር ላይ አስረክቦ ይገባል፤ እኛም የፈቃድ ወረቀቱን ሽጉጡ ላይ ከተቀረጸው ቁጥር ጋር አመሳክረን በመዝገብ ካሰፈርን በኋላ መሣሪያውን በብረት ሣጥን ቆልፈን ደረሰኝ እንሰጠዋለን። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ስለ ፈቃድ የሚከራከረን ሰው ቀንሷል። መሣሪያውን ከፍተህ አሳየኝ ሲባል የሚከፋው ሰው ግን አልቀነሰም፤ ብዙ ሰው ጥያቄውን ቃሉን እንደ መጠራጠር ይቆጥረዋል።

ሽማግሌው በግቢያችን ሰሊጥ የሚያስቀምጡ ነጋዴ ናቸው። የያዙት ሽጉጥ ከአባታቸው የወረሱት ብራውኒንግ ነው፤ እኔም በሥራዬ ብዙ ሽጉጥ አይቼ እንደዚያ በፍቅር የተያዘ አላጋጠመኝም። የአፈሙዙ ዳር ከማኅደሩ ጋር በመፋተግ ጥቁር ቀለሙ ለቆ ብረቱ ነጭ ሆኗል። የእንጨት እጀታው መዳፍ በሚያርፍበት በኩል ጥርብ ጥርቡ ጠፍቶ እንደ መስታወት ለስልሷል፤ ሌላው ጎኑ ግን ትናንት የተጠረበ ይመስላል። በግራ ጎኑ የተቀረጸው «ኤርስታል፣ ቤልጂክ» የሚለው ጽሑፍ አሁንም ይነበባል። ዘይቱ በልክ የተቀባ፣ አንዲት የዝገት ነጥብ የሌለበት መሣሪያ ነበር።

ሽማግሌው የጥይት መያዣውን ካዝና አወጡ። የብራውኒንግ ካዝና አዝራሩ ሲጫን እንደ ሌሎቹ ተወርውሮ አይወድቅም፤ በእጅ መሳብ ይፈልጋል፤ እሳቸውም በሁለት ጣታቸው ቀስ ብለው ስበው ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና ሽጉጡን በእጀታው በኩል ዘረጉልኝ።

«ባዶ ነው፤ ያዘው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ከመቀበሌ በፊት የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስበው ያሳዩኝ» አልኋቸው።

«ካዝናው ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሌላ ምኑን ላሳይህ?»

«መጉረሻው ውስጥ አንድ ጥይት ቀርቶ እንደ ሆነ ብዬ ነው።»

«ቢቀርስ? ይሄ ብራውኒንግ ነው ልጄ፤ ካዝናው ከወጣ አይተኩስም። አባቴ ይህን ሲያስተምረኝ አንተ አልተወለድህም።»

ይህን ብለውም ዝም አላሉም። አፈሙዙን በሩ አጠገብ ወዳለው የአፈር ክምር አዙረው ጥይት የሚመታውን መዶሻ በአውራ ጣታቸው ወደ ኋላ ሳቡና ምላጩን ተጫኑ። ምላጩ ሄደ፤ መዶሻው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ደግመው ተጫኑ፤ አሁንም አልተነቃነቀም። «አየህ?» አሉኝና ሽጉጡን መዶሻው እንደ ተነሣ ሰጡኝ። በሩ ላይ ሦስት ጠባቂዎች ቆመው ይመለከቱ ነበር። አንዱ ፈገግ አለ። ከእኛ ጋር ገና አራት ወር የሞላው ወጣት ደግሞ አንገቱን አስግጎ ሽጉጡን በአድናቆት ያይ ነበር።

እኔም ሌላ ቃል ሳልጨምር ተቀበልሁ። ለሽማግሌ መታዘዝን እንደ ጨዋነት ቆጥሬ ነው፤ ደግሞም የተናገሩት ነገር በራሱ እውነት ነበር። አሜሪካዊው የመሣሪያ ፈልሳፊ ጆን ብራውኒንግ የዚህን ሽጉጥ ሥራ ጀምሮት በ1926 እ.ኤ.አ. ቤልጂግ ውስጥ ሊዬዥ ላይ ሲሞት፣ የኤርስታሉ መሣሪያ ፋብሪካ መሐንዲስ ዲዩዶኔ ሴቭ ቀጥሎበት በ1935 እ.ኤ.አ. ለገበያ በቃ። ሥራው የተጀመረው የፈረንሳይ ሠራዊት ላወጣው ጥያቄ ሲሆን፣ ከተጠየቁት ነገሮች አንዱ ሽጉጡ ካዝናው ሲወጣ እንዳይተኩስ ነበር። ፈረንሳዮች በመጨረሻ ሌላ ሽጉጥ መረጡ፤ ያ ጥንቃቄ ግን በብራውኒንግ ውስጥ ቀረ። ካዝናው ሲገባ የፊት ገጹ ከምላጩ ጋር የተያያዘች አንዲት ትንሽ ብረት ይገፋል፤ እርሷ ካልተገፋች ምላጩ መዶሻውን ከያዘው ብረት ጋር አይገናኝም። ነገሩ በሙሉ የተንጠለጠለው በዚያች ብረትና በትንሽዬ ሞላዋ ላይ ነው። ይህች ክፍል ምላጩን ስለምታከብደው አንዳንድ ባለቤቶች ለዒላማ ተኩስ እንዲቀልላቸው ያስወጧታል፤ ከወጣች በኋላ ደግሞ ሽጉጡን ከውጭ አይቶ መለየት አይቻልም። ግምጃ ቤት ሳለሁ እንዲህ የተደረገ ብራውኒንግ በእጄ ገብቶ ያውቃል።

ሽጉጡን ይዤ ወደ ኋላ ክፍል ገባሁ። እዚያ በራሴ እጅ ከሬንጅ በርሜል ቆርጬ አሸዋ የሞላሁት የመሣሪያ ማራገፊያ አለ። አፈሙዙን ወደ አሸዋው አድርጌ የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ስስብ አንዲት ጥይት ዘልላ ሲሚንቶው ላይ ወደቀችና ከጠረጴዛው ሥር ተንከባለለች። ተንበርክኬ ሳነሣት ገና ትሞቅ ነበር፤ ሽማግሌው ሽጉጡን ገላቸው ላይ አስጠግተው ስለሚይዙት ይሆናል። ከአምስት እርምጃ ባነሰ ርቀት አራት ሰው ቆሞ ሳለ እሳቸው ምላጩን ሁለት ጊዜ የተጫኑት በጎረሰ ሽጉጥ ላይ ነበር።

በዚያች ሰዓት ወደ በሩ ተመልሼ ጥይቷን ለሦስቱ ጠባቂዎች ማሳየት ነበረብኝ። አላሳየሁም። በፖስታ አድርጌ ከካዝናው ጋር አስቀመጥኋት። ሽማግሌው ከሰዓት በኋላ ሲወጡ ሽጉጡን ከፍቼ አስረከብኋቸውና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ጋሼ፣ አንዲት ጥይት ውስጡ ነበረች» አልኋቸው። ፖስታውን ተቀብለው ጥይቷን በመዳፋቸው መዘን አደረጓትና፣ «ታዲያ አላልሁህም? ነበረች፤ ግን አልተኮሰችም» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም የተናገሩት፤ ትምህርቱ እንዲገባኝ ፈልገው ነው። መልስ አላገኘሁም። ስለ መሣሪያ ስከራከር ኖሬ መልስ ያጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሳቸው እውነት የያዙ ሆነው ሳለ ያደረጉት ነገር ግን ስሕተት መሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር የምገልጽበት ቃል አልነበረኝም።

ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ የሌሊቱ ፈረቃ ለቀኑ በሚያስረክብበት ጊዜ፣ ያ ወጣት የግቢውን ማካሮቭ ሊያስረክብ ገባ። ማካሮቭ እንደ ብራውኒንግ አይደለም። ሶቪየት ኅብረት በ1951 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው፣ ባዶውን 730 ግራም የሚመዝን፣ ስምንት ጥይት የሚይዝ አጭር ሽጉጥ ሲሆን፣ ካዝናው ወጣም ገባም መጉረሻው ውስጥ ጥይት ካለ ይተኩሳል። መዶሻውን ያለ ተኩስ ማውረድ የሚፈልግ ሰው ምላጩን መንካት አያስፈልገውም፤ በግራ ጎን ያለውን መጠበቂያ ወደ ላይ ሲያነሣው መዶሻው ጥይቱን ሳይመታ ይወርዳል። ይህን ሁሉ አስተምሬዋለሁ። ነገር ግን ልጁ በቅደም ተከተሉ ተሳሳተ። ካዝናው ገና ሳይወጣ ተንሸራታቹን ሳበ፤ አንድ ጥይት ወጣ፤ ብረቱ ወደ ፊት ሲመለስ ደግሞ ከካዝናው ሌላ አጎረሰ። ከዚያ በኋላ ነው ካዝናውን ከእጀታው ሥር ያወጣው። ከፊቱ ጠረጴዛው ላይ የወጣ ጥይትና የወጣ ካዝና አለ፤ ለማንም ሰው ዓይን ሽጉጡ ባዶ ነው። እኔ በሁለት እርምጃ ርቀት ላይ የርክክቡን መዝገብ እየጻፍሁ ነበር። ምላጩን ሲጫን አላየሁትም።

በጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የባረቀ ሽጉጥ ድምፁ ጆሮ ብቻ ሳይሆን ደረት ይመታል። የባሩዱ ሽታ እስኪደርሰን ድረስ ማንም አልተናገረም። ጥይቱ ቆርቆሮውን በስቶ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ ውኃ የሞላውን ሮቶ ከወገቡ በላይ መታው። ስንወጣ ውኃው በቀዳዳው እንደ ቧንቧ ቀጥ ብሎ ይፈስስ ነበር። ከሮቶው ሥር ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል፤ ሻይ የምታፈላልን እናት ጀሪካኑን ቀድታ ክዳኑን ልታመጣ ወደ ማድቤቱ ከሄደች ገና መመለሷ ነበር። ክዳኑን በእጇ እንደያዘች ቆማ ቀዳዳውን ታያለች። ቁመቷ ከቀዳዳው ጋር እኩል ነው።

ልጁ ከክፍሉ አልወጣም። ስመለስ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሁለት እጁን ግድግዳው ላይ አድርጎ ቆሟል። «ካዝናውን አውጥቼ ነበር» አለኝ፤ «ጋሼ፣ በእግዜር፣ ካዝናው ወጥቷል፤ እይልኝ፣ ወጥቷል።» ደጋግሞ ይህንኑ ቃል ብቻ ነው የተናገረው። እኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይህን ቃል ከእኔ አልሰማውም። በጥቅምቱ ጠዋት፣ አንገቱን አስግጎ፣ ዓይኑ እያየ የተማረው ነው፤ የተማረው ደግሞ እኔ ዝም ባልሁበት ነው።

አስተዳደሩ በሦስተኛው ቀን ስንብቱን ጻፈለት፤ ምክንያቱ «ከባድ ቸልተኝነት» የሚል ነበር። እኔ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ቸልተኛ ልጅ አልነበረም፤ ቸልተኛ ሰው ካዝና አያወጣም፣ ተንሸራታችም አይስብም፤ እርሱ ሁሉንም አደረገ፤ ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ባልሆነ እውቀት ተማመነ እንጂ። በየበሩ የአሸዋ በርሜል እንዲቀመጥ ሁለት ጊዜ በደብዳቤ ጠይቄ በጀት የለም የተባለው ጉዳይ ግን ከስንብቱ በሳምንቱ ተፈቅዶ ሦስት በርሜል መጣ፤ በጀቱ ከየት እንደ ተገኘ አልጠየቅሁም።

በሪፖርቴ ውስጥ የማካሮቭን አሠራር፣ የቅደም ተከተሉን ስሕተት፣ በየበሩ የማራገፊያ ቦታ አለመኖሩን ሁሉ በዝርዝር ጻፍሁ። የሽማግሌውን ነገር ግን አልጻፍሁም። የግቢው ትልቅ ደንበኛ ናቸው፤ ደግሞም የእሳቸው ሽጉጥ አልተኮሰም። ያንን አንቀጽ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ልጁ ከስንብት ይድን ነበር ብዬ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ ቢያንስ ግን ከፋይሉ ላይ «ቸልተኝነት» የሚለው ቃል ብቻውን አይቀመጥም ነበር። አዲስ ለሚመጡ ጠባቂዎች በመጀመሪያው ቀን ሁለቱን ሽጉጦች ጎን ለጎን እያነሣሁ ልዩነታቸውን አስተምራለሁ፤ ካዝናው በቅድሚያ ይወጣል፣ ከዚያ ይሳባል፣ ተከፍቶ ይቆማል፣ በዓይን ይታያል፣ በትንሿ ጣት ይዳሰሳል እላለሁ። ልጁን ግን አንሥቼ አላውቅም።

ሽማግሌው በግንቦት ተመልሰው መጡ። ካዝናውን በሁለት ጣታቸው ስበው አውጥተው ሽጉጡን ሊዘረጉልኝ ሲሉ እጄን ሳልሰጥ ቆምሁና ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ጀሪካኑን ጭምር፣ ነገርኋቸው። በመካከል አላቋረጡኝም። ስጨርስ ለረጅም ጊዜ አፈር ክምሩ የነበረበትን ቦታ ሲያዩ ቆዩ፤ ክምሩ ተነሥቶ አሁን አሸዋ የሞላ በርሜል ቆሟል።

«ያ ቀጭኑ ልጅ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አሁን የት ነው ያለው?»

በስንብቱ ማግሥት ደውዬለት ነበር፤ ስልኩ ዝግ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አልደወልሁም። ይህንኑ ነገርኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ በርሜሉ ሄደው አፈሙዙን ወደ አሸዋው አድርገው ተንሸራታቹን ወደ ኋላ ሳቡ። አንዲት ጥይት ወጥታ አሸዋው ላይ ወደቀች። ብረቱን ከፍተው አቁመው ሽጉጡን ወደ እኔ አዘነበሉ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ትንሿን ጣቴን መጉረሻው ውስጥ አስገብቼ ዳሰስሁ፤ ብረቱ ለብ ያለ ነበር፤ ባዶ ነው። ደረሰኙን ጽፌ ሰጠኋቸው።