ኬኔዲ ጳጳሱን ይሰማል ተብሎ፣ ባይደን አይሰማም ተብሎ

እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ የምርጫ ሰሞን ሲደርስ ወዳጆቼ አንድ ጥያቄ አላቸው። "አንቺ ካቶሊክ አይደለሽ? የራስሽን ሰው ነዋ የምትመርጪው!" ይሉኛል። የትኛውን? ዴሞክራቱ ባይደን ካቶሊክ ናቸው። ሪፐብሊካኑ ጄ.ዲ. ቫንስም በ2019 ካቶሊክ ሆነዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ዴሞክራቷ ናንሲ ፔሎሲም ሪፐብሊካኑ ማርኮ ሩቢዮም ካቶሊኮች ናቸው። ከአሜሪካ ሕግ አውጪው ኮንግረስ አባላት ከሩብ በላይ ካቶሊክ ነው፣ ያውም በሁለቱም ፓርቲ።

ዱሮ እንዲህ አልነበረም። በ1928 ካቶሊኩ የኒውዮርክ ገዢ አል ስሚዝ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ፣ አሜሪካን ከሮም ሆኖ ጳጳሱ ሊገዛት ነው ተብሎ ተወራባቸው። የተሸነፉት በሃይማኖታቸው ብቻ አይደለም፤ ወሬው ግን ጎድቷቸዋል። ካቶሊኩን ጆን ኬኔዲንም ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ያው ፍርሃት ጠበቃቸው። ሴፕቴምበር 12 ቀን 1960 ሂውስተን ላይ የፕሮቴስታንት ፓስተሮች ፊት ቆመው፣ በመንግሥት ጉዳይ እኔ ስለ ቤተ ክርስቲያኔ አልናገርም፣ ቤተ ክርስቲያኔም ስለ እኔ አትናገርም አሉ። በጠባብ ልዩነት አሸነፉ።

እኔ የእነዚያን ፓስተሮች ፍርሃት አልንቀውም። እኛ አገር ሆኖ አይተነዋል። አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነው ሕዝቡንም በአዋጅ ሊያስገቡ ሲሉ ስንት ደም ፈሰሰ! በ1632 አቃታቸውና "ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ" ተባለ። ዕዳው ግን ለእኛ ለጥቂቶቹ ተረፈ። እኔ አዲስ አበባ ሳድግ እንኳ ካቶሊክ ነኝ ስል የሱስንዮስን ስም የሚያነሳብኝ አልጠፋም። ቤተ መንግሥት የገባ እምነት መጀመሪያ የሚጎዳው ምእመኑን ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ክሱ ተገልብጧል። ኬኔዲ ጳጳሱን ይሰማል ተብለው ተፈሩ፤ ባይደን አይሰማም ተብለው ተከሰሱ። በ2019፣ ገና የምርጫ ዘመቻ ላይ ሳሉ፣ ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ አንድ ቄስ የፅንስ ማቋረጥ መብትን ስለሚደግፉ ቁርባን ከለከሏቸው። በሜይ 2022 የሳን ፍራንሲስኮው ሊቀ ጳጳስ ኮርዲሊዮኒ ፔሎሲን በዚሁ ምክንያት በሀገረ ስብከታቸው እንዳይቆርቡ አገዱ። በቀጣዩ ወር ፔሎሲ ቫቲካን ሄደው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በመሩት ቅዳሴ ላይ ቆረቡ።

በፅንስ ጉዳይ እኔ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ነኝ። ሊቀ ጳጳሱም እረኛ ናቸው፤ ዝም በሉ አልላቸውም። ግን ለምን በዚህ ብቻ? በ2018 የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ ተሻሽሎ የሞት ቅጣት ተቀባይነት የለውም ብሏል። የሞት ቅጣትን የሚደግፍ ካቶሊክ ሴናተር ቁርባን ተከለከለ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። በፌብሩዋሪ 2025 ፍራንቸስኮስ ለአሜሪካ ጳጳሳት ደብዳቤ ጽፈው ስደተኞችን በጅምላ ማባረርን ተቃወሙ። ፖሊሲውን የሚደግፉት ቫንስ ካቶሊክ ናቸው። እሳቸውም ይከልከሉ አልልም፣ በፍጹም። የፓርቲ ሚዛን መሠዊያው ላይ እንዳይወጣ ነው የምለው።

እሑድ በግዕዝ አስቀድሰን፣ ነጠላችንን ለብሰን ለቁርባን ስንሰለፍ ከፊቴ ያሉት እናት ማንን እንደመረጡ አላውቅም። ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ነው የሚወጣው። አንዱ ስለ ፅንስ ይከራከራል፣ ሌላው የመኖሪያ ወረቀት ስላላገኘችው እህቱ ያነሳል፤ ድምፅ ከፍ ይላል፣ አባም አንዳንዴ ይገባሉ። ሁለቱም ግን ቅድም አንድ ሰልፍ ላይ ነበሩ።

ስለዚህ "የራስሽን ሰው" ለሚሉኝ መልሴ ይኸው ነው። ሩቢዮ በ2025 የዐቢይ ጾም መግቢያ፣ እንደ ካቶሊክ ልማድ ግንባራቸው ላይ የአመድ መስቀል ይዘው ቴሌቪዥን ቀረቡ፤ ባይደንም መቁጠሪያ ከእጃቸው አይለይም። ሁለቱንም ከልባቸው ነው ብዬ እቀበላለሁ። ድምፅ ስሰጥ የማየው ግን ለነፍሰ ጡሯም፣ ለሞት ፍርደኛውም፣ ወረቀት ለሌላትም እህት ምን ዓይነት ሕግ እንደደገፉ ነው። ሦስቱንም የያዘ ተወዳዳሪ እስካሁን አላገኘሁም። ፍለጋዬን ግን አልተውኩም።