ብሎኬት በምን ይጎተታል?

ደብዳቤው «የፌሮና የብሎኬት ቴንሳይል ጥንካሬ ተፈትሾ ይላክልን» ይላል። ቴንሳይል ማለት ሲጎትቱት ሳይበጠስ የሚችለው አቅም ነው። ማህተም አለው፣ ፊርማ አለው። ከፒካፑ ላይ ጥቂት ቁራጭ ፌሮና 6 ባለ 20 ብሎኬት ወረደ።

እኔ ላብራቶሪ ከገባሁ አራተኛ ወሬ ነው። ጋሼ ደግሞ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ብሎኬት ሲሰብሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ደብዳቤውን ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ አንዱን ብሎኬት በጫማቸው ጫፍ ነካ አድርገው፣ «ፌሮውስ እሺ፣ ማሽኑ ሁለት ጫፉን ነክሶ ይጎትተዋል። ይሄን ግን በምን ልያዘው? ጆሮ አለው?» አሉ።

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፣ የማውቃት ነገር ነበረችኛ!

«ጋሼ፣ መጎተት አያስፈልግም፣ ይሰነጠቃል» አልኩ። ከላይና ከታች ትክክል ለትክክል ክብ ብረት አስተኝተህ ስትጫነው ለሁለት ይከፈላል፤ ከጭነቱ ተነስተህ ቴንሳይሉን ታሰላለህ። የኮንክሪት ሲሊንደርም ተጋድሞ እየተጫነ በዚሁ ሐሳብ ይፈተሻል። ብሎኬት ግድግዳ ውስጥ ተጭኖት ሲፈርስም ብዙ ጊዜ ሞቱ የሚጀምረው ከመሰንጠቅ ነው ብዬ ያልተጠየቅኩትን ሌክቸር ጨመርኩበት። ጋሼ «ቀጥል ኢንጂነር» አሉኝ። ያኔ ሙገሳ መስሎኝ ነበር።

20 ሚሊ ልሙጥ ብረት ከቁርጥራጭ ውስጥ ፈልጌ አመጣሁ። ጥርስ ያለው ፌሮ አይሆንም፣ እዚህም እዚያም ነው የሚያርፈው። የመጀመሪያውን ብሎኬት መሃል ለመሃል ጫንኩት። 9 ኪሎ ኒውተን ላይ ጧ! አለና እንደ ዳቦ ለሁለት ተገመሰ። ጭነቱን በ2 አባዝቼ ለፓይ፣ ለ200 ሚሊ ስፋትና ለ200 ሚሊ ቁመት አካፈልኩት። 0.14 ሜጋ ፓስካል።

«ይሄ ብሎኬት ሳይሆን ጭቃ ነው!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ሾፌሩ እየሰማ። ሾፌሩ ስልኩን ይዞ ወጣ።

ጋሼ ከግማሹ ፊት ቁጢጥ አሉ። ብሎኬቱ ባለ ሦስት ቀዳዳ ነው። እኔ የሰነጠቅኩት ደግሞ የመሃለኛው ቀዳዳ ላይ ነው። እጃቸውን በባዶው ቦታ እያወዛወዙ፣ «ይሄንን አየርም ሰነጠቅኩት ብለህ ነው የቆጠርከው?» አሉኝ።

ጭነቱን የተሸከሙት ሁለቱ የጎን ግድግዳዎች ብቻ ናቸው፣ 3፣ 3 ሳንቲም። 200ው ስፋት 60 ሚሊ ሆነ። ሒሳቡን እንደገና መታሁት፣ 0.48 መጣ። ጆሮዬ ድረስ ሞቀኝ።

በዚህ መሃል ሾፌሩ «ብሎኬቱ ወድቋል» ብሎ ደውሎ ኖሮ የብሎኬቱ ባለቤት እየጮኸ ደረሰ። ደብዳቤውን የጻፈው የሳይት ተቆጣጣሪ ዘንድ ተደወለ። «ቴንሳይል? የምን ቴንሳይል? የፌሮውን ደብዳቤ ኮፒ ስናደርግ ነዋ! እናንተስ የተጻፈውን ሁሉ ዝም ብላችሁ ትሠራላችሁ?» ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። ጭራሽ ስድስተኛው ብሎኬት የት ገባ ብሎ ጠየቀኝ።

የቀሩት አምስቱ ላይና ታቻቸው በሲሚንቶ ተስተካክሎ፣ ሲደርቅ ለተለመደው ፍተሻ፣ ከላይ ተጭኖ ስንት እንደሚችል ለማየት፣ ማሽን ገቡ። አንዱ 180 ኪሎ ኒውተን ላይ ተሰበረ። ጋሼ ለብሎኬቱ ሙሉ ፊት፣ ለ400 በ200 ሚሊ፣ አካፍለው 2.25 ሜጋ ፓስካል ብለው መዘገቡ። ቀዳዳው አልተቀነሰም።

«ጋሼ፣ ይሄኛው አየርስ?» አልኳቸው።

ከመዝገቡ ቀና ሳይሉ፣ «ይሄኛውማ የተፈቀደ አየር ነው» አሉ።