ገሏ ከነቁጥሯ

ፋሲል ግቢን እያዩ ያደጉ ብዙ የጎንደር ልጆች አርኪዮሎጂ ማጥናት ይመኛሉ። ምኞቱ መልካም ነው። ሥራው ግን አብዛኛው ቁፋሮ አይደለም፤ ማጠብ፣ መቁጠር፣ መሳልና መመዝገብ ነው። ሙዚየም መምራትም የዚያው መዝገብ ቀጣይ ነው።

የብሪታንያዊው አርኪዮሎጂስት የሞርቲመር ዊለር የሥራ ዘመን ይህን በደንብ ያሳያል (የሱ ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1890 ስኮትላንድ ተወለደ፤ ለንደን ላይ ግሪክና ላቲን ተማረ፤ በ1924 የዌልስ ብሔራዊ ሙዚየም ዳይሬክተር፣ በ1926 የለንደን ሙዚየም ኃላፊ ሆነ። በ1944 የህንድን የአርኪዮሎጂ መሥሪያ ቤት ለመምራት ሄዶ ማድራስ ሙዚየም ቁም ሣጥን ውስጥ አንዲት የሮማውያን እንስራ ስባሪ አየ። የተገኘችበት ቦታ ይታወቅ ስለነበር ፍለጋው ደቡብ ህንድ ውስጥ ፖንዲቼሪ አጠገብ ወዳለችው አሪካሜዱ ወሰደው። በ1945 እዚያ ሲቆፍር ጣሊያን አገር አሬትዞ የተሠራ ቀይ አብረቅራቂ ሸክላ ወጣ። የአሬትዞ ሸክላ ዘመን 1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ መሆኑ አስቀድሞ ስለተጠና፣ በዚያው ንብርብር አብሮት የወጣው የህንድ ሸክላም ዕድሜ ታወቀ። ያቺ ገል የመጣችበት ቦታ ባይታወቅ ኖሮ ከቁም ሣጥኑ የሚያወጣት አይኖርም ነበር።

ቁፋሮው ላይ የዊለር ትምህርት የመሬቱን ንብርብር ማንበብ ነው። የተለመደው አሠራር መሬቱን 5 በ5 ሜትር ከፍሎ በውስጡ 4 በ4 መቆፈር ነው። በጉድጓዶቹ መካከል 1 ሜትር ግድግዳ ሳይነካ ይቀራል። የንብርብሮቹ ቅደም ተከተል የሚነበበው ከዚያ ግድግዳ ላይ ነው። የአፈሩ ቀለም ወይም ጥንካሬ ሲለወጥ ቆም ብሎ አዲስ ቁጥር መስጠት ያስፈልጋል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ጥልቀትን እንደ ዕድሜ ሲቆጥሩ ነው። በኋላ ዘመን የተቆፈረ የቆሻሻ ጉድጓድ ንብርብሮቹን ሰንጥቆ ስለሚወርድ የትናንት ቆርኪ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወለል በታች ሊገኝ ይችላል። የጉድጓዱን ጠርዝ ለይቶ ውስጡን ቀድሞ ያላወጣ ሰው ሁለቱን ዘመን ይቀላቅላል፤ ከተቀላቀለ በኋላ ደግሞ መመለሻ የለውም። ጎንደር ላይ የግንብ ማያያዣውም ይናገራል፦ የነገሥታቱ ግንበኞች የሠሩት በኖራ ሲሆን ሲሚንቶ የመጣው በጣሊያን ዘመን ጥገና ነው። ሲሚንቶ የገባበት ንብርብር ከዚያ ወዲህ የተከመረ ነው።

የወጣችው ገል በውኃና በለስላሳ ብሩሽ ትታጠባለች፤ ቀለም ወይም የምግብ ቅሪት ያለባት ግን አትታጠብም። በጥላ ከደረቀች በኋላ በውስጥ በኩል፣ ከተሰበረው ጠርዝ ራቅ ብሎ፣ የጣት ጥፍር የምታህል ቦታ በአሴቶን የሟሟ ፓራሎይድ ቢ-72 (የሙዚየም ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ግልጽ ሙጫ) ይቀባል። ሲደርቅ ቁጥሩ በቻይና ቀለም ይጻፋል፤ በላዩ ደግሞ ስስ ሽፋን ይደረጋል። ቁጥሩ ቦታውን፣ ጉድጓዱን፣ ንብርብሩንና ተራውን ይይዛል፤ ለምሳሌ «ጎን/ሀ4/ን3/127»። በፓራሎይድ ፈንታ የጥፍር ቀለም የሚጠቀሙ አሉ። ዓመታት ሲያልፉ ቢጫ ሆኖ ይላጣል፤ ቁጥሩም አብሮት ይሄዳል። ቁጥሯን ያጣች ገል ደግሞ ከመንገድ ዳር ከተለቀመች አትለይም።

ሳንቲም ከዚህ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአክሱም ነገሥታት በአንዳንድ የብርና የመዳብ ሳንቲሞቻቸው ላይ ስስ ወርቅ ለብጠዋል። በሎሚና በአመድ የሚያሽ ሰው ያንን ወርቅና በዙሪያው ያለውን የግሪክ ወይም የግዕዝ ጽሑፍ ይጠርገዋል። እባካችሁ፣ ዘመድ ቤት እንዲህ ያለ ሳንቲም ብታዩ ማንም እንዳያጥበው ንገሩልኝ። ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ካበቀለ ጨው ብረቱን እየበላው ነውና ከሲሊካ ጄል (እርጥበት መጣጭ) ጋር ጥብቅ ክዳን ባለው ዕቃ ተደርጎ ወደ ባለሙያ ይሂድ።

ዳይሬክተር የሆነ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያየው ጣሪያውንና እርጥበቱን ነው። ብራና ከ45 እስከ 55 በመቶ እርጥበት ይስማማዋል፤ ብረታ ብረት ከ40 በታች ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ስሕተት ነው። የጎንደር ክረምት አየሩን ያረጥበዋል፣ በጋው ያደርቀዋል፤ ብራናን የሚያኮማትረውና ቀለሙን የሚያረግፈው ይህ መዋዠቅ ነው። በየክፍሉ አንድ የእርጥበት መለኪያ ተሰቅሎ ጠዋትና ማታ ንባቡ ይጻፍ። ብራና ላይ የሚወርደው ብርሃን ከ50 ሉክስ አይለፍ፤ ገጹም በየሦስት ወሩ ይገለጥ። ሲያንጠባጥብ የከረመን ግንብ በሲሚንቶ መለሰን ደግሞ ውኃውን ግድግዳው ውስጥ ማሰር ነው፤ ኖራ ያስተነፍሳል።

ስለ ትምህርቱ ባጭሩ፦ ይህ ሙያ ከቁፋሮ ዘዴ ጎን ለጎን ቋንቋ ይጠይቃል። የዒዛና ድንጋይ ግሪክኛም ግዕዝም አለበት። የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ የጎንደር ተማሪ ግዕዙን ይዞ ስለሚመጣ ግሪክኛውን ቢጨምርበት ጥቂት ሰው ብቻ የሚችለውን ንባብ ይችላል። ቁፋሮ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ አይጀመርም።

የቅርስ መዝገቡ በሁለት ቅጂ ተይዞ በሁለት የተለያዩ ሕንፃዎች ይቀመጥ። አንድ ዕቃ ለዐውደ ርእይ ሲወጣ በቦታው ቁጥሩ፣ የወጣበት ቀንና የወሰደው ሰው ፊርማ ያለበት ካርድ ይተካ፤ ዕቃው ሲመለስም ካርዱ ሳይጣል ፋይል ውስጥ ይግባ።