ከፋውንዴሽን ገንዘብ ስትጠይቁ «ጉዞ» ከምትለዋ መስመር ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው አስቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ግራንት፣ ማለትም ለጋሽ ለሥራ የሚሰጠው የማይመለስ ገንዘብ፣ እንዴት እንደሚጠየቅ የሚያስተምሩ ሥልጠናዎች ሞልተዋል። ስለ ሎግ ፍሬም (የፕሮጀክቱ ግብና መለኪያ የሚሰፍርበት ሠንጠረዥ)፣ ስለ «ዘላቂነት» ሲያወሩ ይውላሉ። በጀት የሚነሳው ግን መጨረሻ ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሰው ሁሉ ቦርሳውን አንስቷል።

ሥራችን ለማስረዳት ቀላል ነው። ድሃ የሆኑ የቲቢ ታካሚዎች መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ እንዲጨርሱ እናግዛለን። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፣ በቀሩት 4 ወራት ሁለት ዓይነት። መድኃኒቱ በብዙ ቦታ በነፃ ይሰጣል። እዚያ መድረስ ግን ገንዘብ ይፈልጋል። የቀን ሠራተኛ ለክትትል ሲሄድ የትራንስፖርት ይከፍላል፣ የዕለቱንም ገቢ ያጣል። አንድ ቤተሰብ በቲቢ ምክንያት ያወጣውና ያጣው ተደምሮ ከዓመት ገቢው 20 በመቶ ሲያልፍ የዓለም ጤና ድርጅት ከአቅም በላይ የሆነ፣ ቤት የሚያናጋ ወጪ አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ የፕሮጀክታችን ዋናው ነገር ለታካሚው የሚሰጠው የትራንስፖርት ገንዘብ ነበር። የቀረው ሁሉ አጃቢ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ብዙ አያስወሩም። ፋውንዴሽን ስንመርጥ ድረ ገጹ ላይ የጻፈውን ትተን ገንዘቡን ለማን እንደሰጠ አየን። የአሜሪካ የግል ፋውንዴሽኖች በየዓመቱ የሚሞሉት ፎርም 990 ፒኤፍ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ለማን ስንት እንደሰጡ ይዘረዝራል። ሐሳባችንን በአጭሩ የሚያስረዳ ኮንሴፕት ኖት ላክን፣ አለፈ። ሙሉ ፕሮፖዛል ላክን፣ አለፈ። የምዝገባ ወረቀት፣ መተዳደሪያ ደንብና የኦዲት ሪፖርት ጠየቁ፣ ሰጠን። ገንዘቡን ከሌላው ለይተን እንድንይዝና አወጣጡን በዝርዝር እንድንዘግብም ነገሩን። ይህ የእነሱ ክፋት አይደለም፤ የአሜሪካ ሕግ የግል ፋውንዴሽን ለውጭ ድርጅት ሲሰጥ ብዙ ጊዜ የሚያስገድደው ነው።

ከዚያ የበጀት ቅጹ መጣ።

ኤክሴል ነው፣ የተቆለፈ። ረድፎቹ ደመወዝ፣ ጉዞ፣ መሣሪያ፣ ሥልጠና፣ ሌሎች። የታካሚ ትራንስፖርት የት ይግባ? በኢሜይል ጠየቅን። «ጉዞ ውስጥ አስገቡት» ተባልን። አስገባን።

የጉዞው ረድፍ ሦስት ዓምድ አለው፦ የሰው ብዛት፣ የአዳር ብዛት፣ ዋጋ። የእኛ ታካሚ ደርሶ ተመላሽ ነው፣ አያድርም። አዳር ላይ ዜሮ ስንጽፍ ቀመሩ ሁሉንም ያባዛና ድምሩን ዜሮ ያደርገዋል። የፕሮጀክቱ ግማሽ ገንዘብ ዓይናችን እያየ ድራሹ ጠፋ። ደግመን ጻፍን። «ለጊዜው 1 አዳር ብላችሁ ሙሉት» አሉን። ሞላን። ቆይቶ ከፋይናንስ ክፍሉ ጥያቄ መጣ፦ ታካሚዎቹ ለምን ያድራሉ?

ይህን ለማስረዳት የጻፍኩት ደብዳቤ ከፕሮፖዛሉ ይረዝማል ብል ብዙም አልዋሸሁም።

ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው። በጀቱን የሚገመግመው ሰው ፕሮፖዛላችንን አላነበበም። የሚያየው «ጉዞ» የሚል ረድፍና ከጎኑ ያለ ትልቅ ቁጥር ነው። «የጉዞ ወጪያችሁ ከመጠን በላይ ነው፤ አንዳንድ ስብሰባዎችን በቪዲዮ ማካሄድ አስባችኋል?» ብሎ ጻፈልን። ቲቢ ያለበትን ሰው በቪዲዮ እንሰብስበው? ጉዳዩን የሚያውቀው ፕሮግራም ኦፊሰር፣ ማለትም በፋውንዴሽኑ በኩል ፕሮጀክታችንን የሚከታተለው ሰው፣ በዚህ መሃል ሌላ ሥራ ይዞ ሄደ። ተተኪው ከዜሮ ጀመረ፤ የሆቴል ተመናችንንና የአበል መመሪያችንን ላኩ አለን። ጨጓራዬን ላጡት።

በመጨረሻ «መሃል ላይ እንገናኝ» ተባልን፤ ረድፉ በግማሽ ይቀነስና እንፈራረም። ከቦርዳችንም «ያለውን እንውሰድ» ያሉ ነበሩ። አልተቀበልኩም። ለ6 ወር ሕክምና የ3 ወር ትራንስፖርት መስጠት ሰውን መሃል መንገድ ላይ ማውረድ ነው። ቲቢ ደግሞ መሃል ላይ ሲቋረጥ በሽታው ሊያገረሽ፣ መድኃኒትም ሊላመድ ይችላል። እንቢ በማለቴ ዛሬም ደስ ይለኛል።

የፈታው ነገር ያናድዳል። የፋውንዴሽኑ መመሪያ «ቅጹን አትቀይሩ» ይላል። እኔ ቁጥሮቹን ወደ አዲስ ገጽ ገልብጬ «ለታካሚዎች የሚሰጥ ቀጥተኛ ድጋፍ» የሚል የራሴን ረድፍ ጨመርኩ። ከሥር የታካሚ ብዛት፣ በሕክምናው ዘመን ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ የአንድ ደርሶ መልስ ዋጋ፤ ማባዣውን ሕፃን ልጅ የሚከተለው አድርጌ ጻፍኩና ላክሁ። አንድ መስመር መልስ መጣ፦ «ግልጽ ነው፣ እናመሰግናለን።» ያ ሁሉ ወራት ለዚህች!

ስለዚህ ቅጹ ሥራችሁን ካልያዘው ከመጀመሪያው የራሳችሁን ገጽ አያይዙ። ለእያንዳንዱ ረድፍ ማብራሪያ ጻፉ፣ ባይጠይቋችሁም። ፕሮግራም ኦፊሰሩ ወደዳችሁ ማለት የፋይናንሱ ሰው ያውቃችኋል ማለት አይደለም፤ ከመላካችሁ በፊት ሁለቱንም በአንድ ስልክ ላይ አገናኟቸው። የተነገራችሁን ሁሉ በኢሜይል አስደግሙ፣ ኦፊሰር ይቀየራል።

ኦቨርሄድንም፣ ማለትም ለድርጅቱ ማስተዳደሪያ የሚሆነውን ገንዘብ፣ መጠየቅ አትፍሩ። ብዙ ድርጅት «ገንዘቡ ሁሉ ለድሃው ይድረስ» ብሎ ለራሱ ዜሮ ይጽፋል፤ ለጋሹም ያጨበጭብለታል። ሪፖርቱን ግን ማን ይጽፈዋል? ጌትስ ፋውንዴሽን እንኳን መንግሥታዊ ላልሆኑ ድርጅቶች እስከ 15 በመቶ ይፈቅዳል። ጣሪያው ስንት እንደሆነ ጠይቁና እስከ ጣሪያው ጠይቁ። የሒሳብ ሠራተኛችን ባትኖር ያን ሁሉ ደብዳቤ ማን ይመልስ ነበር?

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህም በውሉ ላይ በደቃቅ ፊደል ነው ያለው። በጀቱ ላይ ስንጨቃጨቅ የፕሮጀክቱ መጀመሪያ ቀን አልተገፋም ነበር። ገንዘቡ ሲገባ ውሉ ላይ ያለው ጊዜ ጥቂቱ አልፏል። ያለተጨማሪ ገንዘብ ጊዜ እንዲራዘምልን ጠይቀን ተፈቀደልን፤ ያ ደግሞ ሌላ ቅጽ ነው። እናንተ ከመፈረማችሁ በፊት «ፕሮጀክቱ የሚጀምረው የመጀመሪያው ክፍያ ከገባበት ቀን ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገቡ። እኛ ቀጥሎ ባገኘነው ግራንት ጠየቅን፣ ያለ ምንም ጥያቄ ጨመሩልን።