በበፈር ጫፍ ላይ የተቆረጠ ፊደል፦ ኤምቢኤስኢኒትን በሲ ቋንቋ መለማመድ

በዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን በባይት የመጻፊያ ዘዴ) አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ «ሰ» 225፣ 136፣ 176 ነው። ፋይል በ4096 ባይት በፈር (ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ሲነበብ 1365 ፊደላት 4095 ባይት ይሞሉና የ1366ኛው ፊደል የመጀመሪያ ባይት ብቻ ጫፍ ላይ ይገባል። ክፍት ቦታ ደግሞ 1 ባይት ስለሆነ በተለመደ ጽሑፍ መቆረጫው ይለዋወጣል፤ ስህተቱ አንዴ ታይቶ አንዴ የሚጠፋውም በዚህ ነው።

ባይቶችን ወደ ፊደል የሚቀይረው የሲ ፈንክሽን ኤምቢአርቶደብሊውሲ እንዲህ ያለ ጎዶሎ ሲያጋጥመው -2 ይመልሳል፤ ባይቱንም የንባቡን ሁኔታ በሚመዘግበው በኤምቢስቴት-ቲ ተለዋዋጭ ውስጥ ይይዘዋል። ይህን ሁኔታ የሚፈትሸው ፈንክሽን ኤምቢኤስኢኒት ነው፤ ዜሮ ከመለሰ የተንጠለጠለ ፊደል አለ ማለት ነው። ዜሮ ያልሆነ ቁጥር (የግድ 1 አይደለም) ከመለሰ ሁኔታው መነሻው ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከ-2 በኋላ ነው። የተያዘው ባይት ተበልቷል፤ ከአዲሱ በፈር ጋር ደግማችሁ ከላካችሁት -1 (የተሳሳተ ባይት ምልክት) ይመጣል። ቀጣዮቹን ባይቶች ብቻ ላኩ። ከላይ ባለው ምሳሌ የሚመለሰው 2 እንጂ 3 አይደለም፤ በዚያ ጥሪ የተበላውን ብቻ ይቆጥራልና። ውጤቱ ሳይዝ-ቲ፣ ማለትም ምልክት አልባ (አሉታዊ ቁጥር የማይይዝ) ስለሆነ «ከዜሮ ያንሳል ወይ» ብሎ መፈተሽ ፈጽሞ አይሠራም፤ -1ን እና -2ን ወደ ሳይዝ-ቲ ቀይራችሁ በእኩልነት አወዳድሩ።

-1 ሲመጣ ሁኔታው ምን ላይ እንዳለ የሲ ቋንቋ ደረጃ (ስታንዳርድ) አይወስንም። ያኔ ኤምቢኤስኢኒትን መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ ሁኔታውን በሜምሴት (ማህደረ ትውስታን በአንድ ዋጋ በሚሞላው ፈንክሽን) ዜሮ አድርጋችሁ ጀምሩ። ለሁኔታው ባዶ ጠቋሚ መስጠትም አይመከርም፤ ፈንክሽኑ የራሱን ድብቅ ሁኔታ ስለሚጠቀም ሁለት ፋይል በአንድ ጊዜ ስታነቡ የአንዱ ቅሪት ወደ ሌላው ይገባል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሴትሎኬል የተባለው ፈንክሽን የዩቲኤፍ-8 ሎኬል (የቋንቋና የፊደል ቅንብር) ካልተከለ ፊደሎቹ በትክክል አይነበቡም።

ለልምምድ የ«ሰ»ን ሦስት ባይቶች አንድ በአንድ ላኩ። የሚመጣው -2፣ -2፣ 1 ነው፤ ኤምቢኤስኢኒት ሁለት ጊዜ ዜሮ፣ በሦስተኛው ዜሮ ያልሆነ ይመልሳል። ቀጥሎ «ሰላም»ን ከ9 ባይቱ የመጨረሻውን፣ 157ን፣ ቆርጣችሁ በፋይል አስቀምጡ። ፋይሉ ሲያልቅ ኤምቢኤስኢኒት ዜሮ ከመለሰ «ም» ጎድሏል፤ ይህን ፍተሻ የዘለለ ፕሮግራም «ሰላ» አትሞ ያለ ስህተት መልእክት ይዘጋል።