የእማዬ ገና

ታናሽ ወንድሜ የሚሽን ጥሪው መጣለት፤ ቤተክርስቲያናችን ለስብከት ልትልከው ነው። ከቤታችን ሁለተኛው መሆኑ ነው፤ የመጀመሪያዋ እኔ ነበርኩ። እማዬ ዜናውን ስትሰማ የት አገር እንደሚሄድ እንኳን ሳትጠይቅ "ለገና ይደውላል?" አለች። በየሳምንቱ ይደውላል አልኳት። አላመነችኝም። አይፈረድባትም፣ የኔን ጊዜ ታውቀዋለቻ።

እኔ ፊሊፒንስ የነበርኩት ከ2016 እስከ 2018 ነው (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። ላጉና የሚባል ግዛት፣ ከማኒላ ወደ ደቡብ። ያኔ ሕጉ ግልጽ ነበር። ቤተሰብ ጋ የሚደወለው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለክሪስማስና ለእናቶች ቀን ብቻ ነው። የቀረው በኢሜይል። እሱም በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰኞ፣ ልብስ አጥበን ገበያ ወጥተን ከጨረስን በኋላ። የምንጽፈው ፒሶኔት የሚሉት ቤት ነበር። አንድ ፔሶ ሳንቲም ትከታላችሁ፣ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣችኋል፣ አጠገባችሁ ያሉት ልጆች ጌም እየተጫወቱ ይጯጯኻሉ፣ ሳንቲሙ ሲያልቅ ስክሪኑ ድርግም ይላል። ስንቱ "እወድሻለሁ" መሃል ላይ ተቆርጦ እንደቀረ እኔ ነኝ የማውቀው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ዲሴምበር 25 የእኛ ቤት በዓል አይደለም። እማዬ ተዋሕዶ ናት። እኔ አሜሪካ፣ ሶልት ሌክ ካደግኩ በኋላ ነው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን፣ ሰው ሞርሞን የሚለው ቤተክርስቲያን የገባሁት፤ ወንድሜም ተከተለኝ። እሷ ንቅንቅ አላለችም። ከኅዳር 15 ጀምራ የነቢያትን ትጾማለች፣ ታኅሣሥ 29 ትፈታለች፣ በቃ። የኛን ጾም ትስቅበታለች። በወር አንድ እሁድ ሁለት ምግብ መዝለል ነው፤ "ይሄ ጾም ሳይሆን ቁርስ መርሳት ነው" ትላለች። ቡናው ላይ ግን አትስቅም። "ጠላና ጠጁን መተዋችሁስ ይሁን፣ ቡና ምን አደረጋችሁ?" እስከ ዛሬ አልተመለሰላትም። ስታፈላ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ፈንዲሻውን እጨርሳለሁ።

ፊሊፒኖዎች ደግሞ ገናን የሚጀምሩት በሴፕቴምበር ነው። ቀልዴን አይደለም። እኔ እንቁጣጣሽ ናፈቀኝ ብዬ ስተክዝ ሱፐርማርኬቱ የገና ዘፈን ለቆታል። ዲሴምበር ሲመጣ በየደጁ ፓሮል ይሰቀላል፣ ከቀርከሃና ከወረቀት የሚሠራ ኮከብ መብራት። ከዲሴምበር 16 እስከ 24 ካቶሊኮቹ ዘጠኝ ቀን በተከታታይ ገና ሳይነጋ ያስቀድሳሉ። ቤታችን ለቤተክርስቲያናቸው ቅርብ ስለነበር ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ድምፅ ማጉያው ይነሳል። ሚሽነሪ ብቻውን አይሄድም፣ ጥንድ ጥንድ ነው፤ ኮምፓኒየኔ ትራሱን ጭንቅላቷ ላይ ጭና ታጉረመርማለች። እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ አያቴ ቤት ሳድር በመስኮት የሚገባው ቅዳሴ ነው የሚመስለኝ። ሞርሞን ሚሽነሪ፣ በካቶሊክ ቅዳሴ፣ ኦርቶዶክስ አያቷን ስትናፍቅ! ይሄን ለማን ነው የምታስረዱት?

ዋናው ግብዣ ደግሞ የሚበላው 24 ማታ፣ ልክ እኩለ ሌሊት ላይ ነው። የኛ ሰዓት እላፊ ማታ 3 ሰዓት ተኩል፣ መኝታ 4 ሰዓት ተኩል። ስለዚህ የአገሩን ትልቁን ምሽት አልጋ ላይ ሆነን አዳመጥነው። በግራ ቪዲዮኬ (ካራኦኬ ማለት ነው)፣ በቀኝ ቪዲዮኬ፣ አንዱ ጎረቤት አንዲት ዘፈን ይዞ ድምፁ እስኪዘጋ አልለቅ አለ። ጠዋት ላይ ናናይ የምንላት፣ አንድ ቤት አልፋ የምትኖር አሮጊት፣ በሳህን ሸፍና አመጣችልን። ሃም፣ አይብ፣ እና ስኳር የገባበት ሰፓጌቲ ከነቋሊማው። ናናይ ትምህርታችንን አንድም ቀን መስማት አልፈለገችም። ማብላቱን ግን አንድም ቀን አልተወችም።

የዚያን ዓመት፣ 2016፣ ዲሴምበር 25 እሁድ ዋለ። ከጸሎት በኋላ አንድ አባል ቤት ላፕቶፕ ተከፍቶልን ስካይፕ ገባን። ሶልት ሌክ ገና 24 ማታ ነው። ግማሹ ጊዜ "ይሰማሻል? እኔ ይሰማኛል፣ አንቺስ?" በማለት አለቀ። እማዬ ፊቷን ስክሪኑ ላይ ለጥፋ ግንባሯ ብቻ ነው የሚታየኝ።

"ከሳሽ። ምን በላሽ?"

"ሰፓጌቲ።"

"የጾም ነው?"

"ጣፋጭ ነው" አልኳት። ስለ ሃሙ ትንፍሽ አላልኩም፣ እሷ እኮ ከሽሮ ጋር ነው ያለችው።

ልንዘጋ ስንል "እሺ፣ ለገና ደግሞ ትደውያለሽ አይደል?" አለች። አይፈቀድም እማ፣ የገናው ይሄ ነው አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። "ይሄማ የነሱ ነው" አለች። ወንድሜ ከኋላ ገብቶ ቻው ቻው አለ፣ ተዘጋ።

ለማልቀስ ጊዜ አልነበረም። ኒና የሚባለው ታይፉን፣ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ፣ በዚያው በገና ዕለት ካታንዱዋኔስ የምትባለውን ደሴት መትቶ ወደኛ እየመጣ ነበር፤ ከቤት እንዳትወጡ ተባልን። ኮምፓኒየኔ የታክሎባን ልጅ ናት። በ2013 ዮላንዳ የተባለችው ታይፉን ያጠፋቻት ከተማ። ነፋሱ ሳይጀምር ባልዲ ሁሉ ውኃ ሞላች፣ ፓስፖርቴን ከእጄ ነጥቃ ከሷ ወረቀቶች ጋር በላስቲክ ጠቀለለች፣ ላስቲኩን በሌላ ላስቲክ፣ ከዚያ ጫማዋን አድርጋ አልጋ ላይ ወጣች። አላወራችም። እኔም አልጠየቅኳትም። መብራት ሲጠፋ እኔ ለመድኩት፣ የአዲስ አበባ ልጅ አይደለሁ። እሷ ግን እስኪነጋ ጫማዋን አላወለቀችም። እኛ አካባቢ ከዛፍና ከቆርቆሮ በቀር ብዙ የተጎዳ ነገር አልነበረም፤ አውሎ ነፋሱ መጀመሪያ የመታው ቢኮል የሚባለው ክልል ያሉት ግን ገናቸውን በመጠለያ አሳለፉት።

ጃንዋሪ 7 ቅዳሜ ነበር። ተራ ቅዳሜ። ይሄ ነው የከበደኝ። ክሪስማስን ማንም ብቻዬን አልተወኝም፣ ሁሉም "አገርሽ ናፍቆሽ ይሆናል" እያለ ሲያበላኝ ነበር። የኔ ገና ሲመጣ ግን የሚያውቅ የለም፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ በር እናንኳኳለን። ሰዓቱን ደጋግሜ አሰላው ነበር። ከሶልት ሌክ 15 ሰዓት እንቀድማለን። እኛ ምሳ ስንበላ እማዬ ነጠላዋን ለብሳ ቤተክርስቲያን ቆማለች፣ ማኅሌቱ ተጀምሯል። እኛ ማታ ስንገባ ተፈስኮ ዶሮው እየተበላ ነው።

ከሰዓት በኋላ ናናይ ጋ ስንገባ ዝምታዬ አላማራትም፣ ምን ሆነሻል አለችኝ። ዛሬ የእኛ ገና ነው አልኳት። ተቆጣች! ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም፣ ፓንሲት (የነሱ ኑድል) እሠራ አልነበር? የልጅ ልጆቿ ደግሞ ገና እንደገና መጣ የሚለውን ብቻ ነው የሰሙት። ከቆርኪ የሠሯትን ከበሮ መሳይ ጽናጽላቸውን ፍለጋ አልጋ ሥር ገቡ፣ መጥተው ፊቴ ተደርድረው ዘፈኑ፣ ዘፍነው እጃቸውን ዘረጉ። ያለኝን ሳንቲም ሁሉ ወሰዱ። ለሰኞ ፒሶኔት የያዝኩት ነበር።

ከፌብሩዋሪ 2019 ወዲህ ሕጉ ተቀይሮ ሚሽነሪዎች በየሳምንቱ ቤተሰብ ጋ መደወል ይችላሉ። በኔ ዘመን ያገለገሉ ጓደኞቼ "የዛሬዎቹ ተሞላቀቁ፣ ናፍቆት ነበር እኛን ያጠነከረን" ይላሉ። እኔ አይዋጥልኝም። ናፍቆት አላጠነከረኝም። ሐሳቤን ነው የሰረቀኝ፤ ሰው እያስተማርኩ ልቤ ሰዓት ሲያሰላ ነበር። ደውዬ "እንኳን አደረሰሽ" ብያት ቢሆን ኖሮ ያን ቅዳሜ በደንብ እሠራ ነበር።

እማዬ በኅዳር የላከችልኝ ካርቶን ግን መጣ። ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ። በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ቆሎ፣ እና አንድ ነጠላ። ሰኞ ጠብቀን ዶሮ ወጥ ሠራሁ። ዶሮውን በሎሚ ፋንታ በካላማንሲ አጠብኩት፣ ንጥር ቅቤ ስለሌለ ማርጋሪን ገባበት፣ በርበሬው ሽንኩርቱ ላይ ሲያርፍ መንደሩ በሙሉ አስነጠሰ። ናናይ ከነልጅ ልጆቿ ተጠርታ መጣች፣ በሩዝ በላነው። ኮምፓኒየኔ እያለቀሰች ሁለቴ ጨመረች።

ፎቶውን ለእማዬ ላክሁላት። በሚቀጥለው ሰኞ መልሷ መጣ፣ ወንድሜ በላቲን ፊደል እየጻፈላት፦ "አንቺ ልጅ፣ በሁዳዴ ዶሮ? እግዜር ይቅር ይበልሽ። ሽንኩርቱስ በደንብ በስሎልሻል? ፎቶው ላይ ትንሽ ጥሬ መሰለኝ።"